«በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት»፦ ከጳጉሜ እስከ መስቀል ተስፋን ለሚፈልግ ሰው የሚሆን መመሪያ

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቀበርን። አርባዋ ወጥቶ ዐሥር ቀን ገደማ እንደሆነ አዲስ ዓመት ገባ። ሐዋሳ እንደ ወትሮዋ ነበረች። ፒያሳ ላይ ቄጤማና አዴይ አበባ ይሸጣል። ልጃገረዶች ከበር በር እየዞሩ «አበባዬ ሆይ» ይላሉ። ከየጎረቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ። ስልኬ በእንኳን አደረሰህ መልእክት ይንጫጫል። አንድ ወዳጄ «ይህ ዓመት እንባህ የሚደርቅበት ነው» ብሎ ጽፎልኛል። በቀና ልብ ነው የጻፈው። እኔ ግን «በምን አወቀ?» ብዬ ስልኩን ደፋሁት።

ያን ቀን ጸሎት አልወጣልኝም። የሚቀጥለው ነሐሴ ሲያልቅ ፈራሁ። እንደዚያው ተጋድሜ እንዳላሳልፈው ብዬ ለራሴ አንድ መንገድ አበጀሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። እናቴ የገብርኤል ምእመን ነበረች። እኔ የምሄደው ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ቤት የወረስኩትን እዚህ ታገኛላችሁ። ኦርቶዶክስም ሁኑ መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወትም ሁኑ ካቶሊክ፣ ለእናንተ የሚሆነውን ያዙ።

ከጳጉሜ በፊት፦ ምኞትንና ተስፋን ለያዩ

ምኞት «ዘንድሮ ሥራ አገኛለሁ፣ አገባለሁ፣ ቤት እሠራለሁ» ይላል። ክፋት የለውም። ጸልዩበት። ችግሩ የሚመጣው እምነታችንን በሙሉ እሱ ላይ ስንጭን ነው። ምኞቱ ሳይሆን ሲቀር እምነቱም አብሮ ይወድቃል። ክርስቲያናዊ ተስፋ ግን ዓመቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳናውቅም ይቆማል። ዓመቱን የሚሰጠውን እናውቀዋለንና።

ለዚህ የሚረዳኝ ሉቃስ 13 ላይ ያለው የበለሷ ምሳሌ ነው። ከቁጥር 6 እስከ 9 አንብቡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ ያጣች በለስ አለች። ባለቤቱ ቁረጣት ይላል። አትክልተኛው ግን ይማልድላታል፦ «ጌታ ሆይ፥ ዙሪያዋን እስክኮተኩትላትና ፋንድያ እስካፈስላት ድረስ በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት»።

መስከረም 1ን የማየው በዚህ ዓይን ነው። ተለምኖ የተሰጠን ዓመት ነው። በመዶሻና በመጥረቢያ ፈንታ መኮትኮቻ የያዘ አለ። እናቴን እግዚአብሔር የወሰዳት ሊኮተኩተኝ ነው ማለቴ አይደለም። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያሉኝ ነበሩ፤ አላጽናኑኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ኑሮ የቆፈረን ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ አለ።

አሁን አንድ ወረቀት አውጡ። በአንዱ ገጽ የዘንድሮ ምኞታችሁን ሁሉ ጻፉ፤ አትፈሩ። ወረቀቱን ገልብጡና ይህን መልሱ፦ «ከእነዚህ አንዱም ባይሆን ስለ እግዚአብሔር እውነት ሆኖ የሚቀረው ምንድን ነው?» የእኔ መልስ መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አልተወኝም»። እሱንም እየተጠራጠርኩ ነው የጻፍኩት። ለመጀመሪያ ይበቃል።

ጳጉሜ 1 እና 2፦ ያለፈውን ዓመት ቁጠሩ

ጳጉሜ ስጦታ ናት። 12ቱ ወር አልቋል፣ አዲሱ ገና አልገባም። አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን። ለሒሳብ ማወራረጃ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ደብተር ያዙ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወሮቹን በተራ ጻፉ። በእያንዳንዱ ወር ሥር ሁለት መስመር ብቻ፤ አንዱ የተቀበላችሁት፣ ሌላው ያጣችሁት። ሰው ዓመቱን በስሜት ነው የሚያስታውሰው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት መጥፎ ከሆኑ ዓመቱ በሙሉ መጥፎ ይመስለዋል። ስለዚህ በጭንቅላታችሁ ብቻ አትተማመኑ። የስልካችሁን ፎቶዎች ወደ ኋላ ሂዱባቸው። የላካችሁትንና የተቀበላችሁትን ገንዘብ መልእክት እዩ። እኔ በዚህ መንገድ ነው የረሳሁትን ያገኘሁት። በኅዳር ወር ኪራይ ሲያጥረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳልጠይቀው ልኮልኝ ነበር። ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ያን መልእክት ሳገኝ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የጠፋውንም ሳታሳምሩ ጻፉ። «በእናቴ ሞት ብዙ ተምሬአለሁ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እውነቱ «እናቴ የለችም» ከሆነ እሱን ጻፉ።

ሲያልቅ ከታች አንድ መስመር ጨምሩ። ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ አቤንኤዘር ብሎ የሰየመው «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ሲል ነው፤ 1 ሳሙኤል 7፥12 ላይ አለ። «እስከ አሁን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ስለ ነገ ምንም አይልም። እዚህ መድረሳችንን ብቻ ይመሰክራል። እናንተም ከደብተሩ ሥር «እስከ አሁን» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት።

ጳጉሜ 3፦ አልቅሱ

የሩፋኤል ቀን ነው። ዝናብ ከጣለ ልጆች እየጮሁ ይወጡና ይታጠቡበታል። እናቴ እኛን ታስወጣን ነበር፤ ጠበል ነው፣ አትሽሹት ትለናለች። እኔ ይህን ቀን ለሙሾ ለይቼዋለሁ።

በብዙ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ጊዜ አለ። ለእሮሮ ግን ቦታ አይሰጥም። ይህ ስህተት ይመስለኛል። መዝሙረ ዳዊት በእሮሮ የተሞላ ነው። መዝሙር 13ን ክፈቱ፤ በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር 12 ነው። ስድስት ቁጥር ብቻ ናት፤ ሦስት ደረጃ አላት። መጀመሪያ «እስከ መቼ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ቀጥሎ «ተመልከት፣ ስማኝ» ብሎ ይለምናል። መጨረሻ ላይ በምሕረትህ ታመንሁ ይላል።

በዚህ መልክ የራሳችሁን ጻፉ፦

ሦስት «እስከ መቼ» ጻፉ። በእውነት የሚያንገበግባችሁን። «እስከ መቼ ሥራ ፈትቼ የቤተሰብ ሸክም እሆናለሁ?» ሊሆን ይችላል።

አንድ ልመና ጻፉ። አንድ ብቻ፣ ግልጽ።

መታመኛውን መስመር ከቻላችሁ ጨምሩ። ካልቻላችሁ ባዶውን ተዉት። በኋላ ትመለሱበታላችሁ። የእኔ ባዶ ሆኖ እስከ መስከረም 9 ቆይቷል።

ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ክፍላችሁ ሰው ካለበት ወደ ውጭ ውጡ፤ በዝናብ ጊዜ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማንም አይሰማችሁም።

ጳጉሜ 4፦ ሰው ዘንድ ሂዱ

አጭር ነው፣ ግን ከባድ ነው። የተጣላችሁት ሰው ካለ ደውሉ። የተበደራችሁት ካለና መክፈል ካልቻላችሁ ቢያንስ «አልረሳሁም» በሉ። መልስ ባይሰጧችሁም የእናንተ ድርሻ አልቋል። በደል የደረሰባችሁና አጠገቡ መሄድ አደጋ የሆነባችሁ ሰው ካለ ግን አትሂዱ። ለእሱ መጸለይ ከሩቅ ይቻላል።

ሐዋሳ የምንኖር ሰዎች ሁለት አዲስ ዓመት ስለምናውቅ ዕድለኞች ነን። የሲዳማው ፍቼ ጨምባላላ ሲመጣ ከተማው ወደ ጉዱማሌ ይጎርፋል። ከትውፊቱ አንዱ ስለ አንዲት ሴት ይናገራል። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ። ጎረቤት ሁሉ ተካፍሎ ይበላ ነበር። ከዚህ ታሪክ የምወደው ዓመት የሚለወጠው በመሄድና በማካፈል መሆኑን ነው። ለእንቁጣጣሽም ይሠራል።

ዋዜማ፦ ሌሊቱን እንዴት ታሳልፉታላችሁ

ማታ ችቦ ይለኮሳል። ከልጆቹ ጋር ውጡ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያናችሁ የአዳር ጸሎት ወይም ማሕሌት ካላት ሂዱ። ብቻችሁን አትደሩ፤ በተለይ ሐዘን ላይ ያላችሁ። ለእናንተ መጸለይ ሲያቅታችሁ ሌላው ይጸልይላችኋል። የመጀመሪያው ዓመት የሳትኩት ይህንን ነው፤ ጸሎቴ ካልወጣ መሄድ አይገባኝም ብዬ ቀረሁ።

ኦርቶዶክስ የሆናችሁ «ትባርክ አክሊለ ዓመተ ምሕረትከ» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችን መዝሙር 65፥11 ላይ «በቸርነትህ ዓመታትን ታቀዳጃለህ» ብለን እናነበዋለን። ጥቅሱን ብቻ ነጥላችሁ አትያዙት። ከቁጥር 9 ጀምራችሁ አንብቡ። መዝሙሩ ስለ ዝናብ ነው፤ ስለ ራሰ መሬት፣ ስለ እርሻ፣ ስለ እህል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ስናይ ከርመን ስናነበው ሌላ ነው። ዓመቱ ዘውድ የሚደፋው ምድሩ መጀመሪያ ስለራሰ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በዚህ ሌሊት «ዘንድሮ ትከብራለህ፣ መኪና ይሰጥሃል፣ ጠላቶችህ ይዋረዳሉ» የሚሉ ትንቢቶች ይበዛሉ። አሜን ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ቃል ለታመመችው እህቴም ይሠራል? ልጇን ለቀበረችው ጎረቤቴስ? መስቀል የተሸከመውን ጌታ ይመስላል? ካልመሰለ ማለፍ ይቻላል። እግዚአብሔርን መስደብ አይሆንም። ኤርምያስም በዘመኑ «ሰላም፣ ሰላም» የሚሉትን ተቃውሟል።

መስከረም 1 ማለዳ፦ ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት

ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ስልካችሁን ቤት ተዉት። መሄድ የምትችሉ ወደ ሐይቁ ሂዱ። አሞራ ገደል በዚያ ሰዓት ሕይወት አለው። አጥማጆቹ መረብ ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ግርግር የማትወዱ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሂዱ። ፀሐይዋ ከኋላችሁ፣ ከከተማው በኩል ነው የምትወጣው፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲበራ ታያላችሁ።

እዚያ ተቀምጣችሁ ዮሐንስ 21ን አንብቡ። እስከ ቁጥር 14 ይበቃል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጴጥሮስና ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠምዱ አድረው አንድም አልያዙም። ሲነጋ አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ቆሟል። ማን እንደሆነ አላወቁም። «ልጆች ሆይ፥ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አላቸው። የለንም አሉት። ወደ ቀኝ ጣሉ አላቸውና 153 ትልልቅ ዓሣ ያዙ።

ሰው የሚያስታውሰው ዓሣውን ነው። እኔን ግን የያዘኝ ቁጥር 9 ነው። ወደ ምድር ሲወጡ ፍሙ ቀድሞ ተቀጣጥሏል። ዓሣ ተቀምጦበታል፣ እንጀራም አለ። እነሱ ገና ጀልባ ላይ እያሉ፣ ገና ሳያውቁት፣ እሱ ቁርስ እየሠራ ነበር። ከዚያ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። የካደውን ጴጥሮስን መጀመሪያ አበላው። «ትወደኛለህን?» የሚለው ጥያቄ ከምግቡ በኋላ ነው የመጣው።

የእግዚአብሔር መገኘት ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ስሜት ነው። ሙቀት፣ እንባ፣ መንቀጥቀጥ። እሱም ሲመጣ ደስ ይላል። እዚህ ያሉት ሰዎች ግን ምንም አልተሰማቸውም። ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ አላወቁትምም። እሱ ግን እዚያው ነበር።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም በሉ። ሐሳባችሁ ሲሮጥ አትቆጡ፤ «ጌታ ሆይ፣ አለህ» ብላችሁ መልሱት። ከዚያ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ሳላውቀው ፍም ያቀጣጠለልኝ የት ነበር? ደብተራችሁን ክፈቱ። «የተቀበልኩት» ያላችሁትን መስመሮች እንደገና አንብቡ። እኔ የኅዳሩን ገንዘብ ያኔ ነው በትክክል ያየሁት።

ከቤት መውጣት የማትችሉ አላችሁ። የበዓል ማለዳ የእናቶችና የእህቶች ጉልበት የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ለእናንተ ሐይቁ ምድጃው ነው። ቁሌት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሽንኩርቱን እያማሰላችሁ ያንኑ ክፍል በድምፅ የሚያነብላችሁ ልጅ አስቀምጡ። ፍም ላይ ምግብ የሚሠራ ጌታ ወጥ ቤት ውስጥ እንግዳ አይሆንም። ወንዶች ደግሞ ሽንኩርት መክተፍ ትችላላችሁ። እኔ ከእናቴ በኋላ ተምሬዋለሁ።

ማዕዱ ላይ አንድ ቦታ ተዉ

ቀላል ነው። አንድ ሰሃን ጨምሩ። ሐዋሳ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለመሥራት ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች አሏት። ተማሪዎችም አሉ። ለበዓል የትራንስፖርት ገንዘብ አጥተው አንዲት ክፍል ውስጥ የሚውሉ አሉ። ከጎረቤታችሁ አከራይ ጠይቁ፤ እሷ ታውቃለች። ስትጋብዙ «እርዳታ» እንዳይመስል ተጠንቀቁ። «ቡና አብረን እንጠጣ» በቂ ነው።

መስከረምን በሙሉ፦ የዓመቱን ወንጌል አንብቡ

በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚጠፋው። እዚህ ላይ የአባቶቻችን አቆጣጠር ይረዳናል። እያንዳንዱ ዓመት በአንድ ወንጌላዊ ስም ይጠራል። የዓመቱን ማወቅ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። ስለዚህ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜም በመጨረሻው 6 ትሆናለች።

የዚያን ዓመት ወንጌል በቀን አንድ ምዕራፍ አንብቡ። ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21 ምዕራፍ አላቸው። የትኛውም ቢደርሳችሁ መስከረም ውስጥ ያልቃል። የማርቆስ ዓመት ሲሆን ደግሞ የትንሣኤውን ምዕራፍ የምታነቡት መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት ነው። ይህን ሳገኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከምዕራፉ አንድ ቃል ብቻ ደብተር ላይ ጻፉ። ቀን ከዘለላችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ከዕለቱ ቀጥሉ። ያለፈውን ልሸፍን እያላችሁ ነው የምትተዉት።

ምንም ካልተሰማችሁ

ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አድርጋችሁ ልባችሁ እንደ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። 1 ነገሥት 19ን አንብቡ። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ክትክታ ሥር ተኛ። መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውሃ ነው። ስብከት አልሰበከለትም። ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው። ትንሿ የዝምታ ድምፅ የመጣችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ እንቅልፋችሁንና ምግባችሁን እንደ ጸሎት ቁጠሩት።

ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልበላችሁ፣ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ፣ ወይም መሞት ከተመኛችሁ ለብቻችሁ አትያዙት። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ሐኪም ቤት ሂዱ። ከጸሎትና ከጠበል ጋር አይጣላም። እኔ የአእምሮ ሐኪም ያነጋገርኩት በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ቀደም ብዬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 17፦ ደብተሩን እንደገና ክፈቱ

አዴዩ መጠውለግ ይጀምራል። ደመራው ተቃጥሎ አመዱ ቀርቷል። በዚህ ቀን ወደ ጳጉሜ 3 ገጽ ተመለሱ። ባዶ የተዋችሁት የመታመን መስመር ካለ አሁን ትሞሉት እንደሆነ እዩ። ካልሆነም ባዶውን ተዉት፤ ቀኑን ብቻ ጻፉበት።

ቀጥሎ ወደ በለሷ ተመለሱና ሁለት ጥያቄ መልሱ። ዘንድሮ ሥሬ አካባቢ እንዲኮተኮት የምፈቅደው ምንድን ነው? እንዳፈራ የሚረዳኝ ማን ነው? ለሁለተኛው የሰው ስም ጻፉ። ለዚያ ሰው በወር አንድ ቀን ቀጠሮ ያዙ፣ ቡና ይሁን የሐይቅ ዳር እርምጃ። ቀጠሮውን እስከ ነሐሴ ድረስ ስልካችሁ ላይ አስገቡት።

ከዚያ ደብተሩን ዝጉና የሚቀጥለው ጳጉሜ 1 የምታገኙበት ቦታ አስቀምጡት። የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ።